ዘጌ ያደረ ሰው የሚያየው

ጣናን ሊያይ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ዘጌን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ጠዋት ጀልባ ይከራያል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ይወርዳል፤ ሥዕሎቹን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በዳገቱ ግራና ቀኝ ከተቀመጡት ሻጮች ትንሽ የደንገል ታንኳ ይገዛል፤ ለምሳ ወደ ከተማ ይመለሳል። ይህ ሰው ገዳሙን አይቷል፤ መንደሩንና ጫካውን ግን አልፏቸው ሄዷል። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ሥራም ሆነ ዘመድ ጥየቃ ወደ ባሕር ዳር ባመጣኝ ቁጥር ዘጌ አድሬ መመለስን ልማድ አድርጌዋለሁ። ወዳጆቼ እንዴት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር፣ ሴት ብቻዋን መሄድ ትችል እንደሆነ፣ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቻል እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትንና ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው ዳርቻ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። አሸዋ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ መሞቅና እንደልብ መዋኘት የሚፈልግ ሰው ላንጋኖ ይሂድ። የዘጌ ዳርቻ ሌላ ነገር ነው። ጫካው እስከ ውኃው ጠርዝ ይወርዳል፤ የሾላና የዋርካ ቅርንጫፎች ሐይቁ ላይ ያዘነብላሉ፤ ጥቁር ድንጋይ በበዛባቸው ቦታዎች ታንኳዎች ተደግፈው ይደርቃሉ፤ ውኃው ጥልቀት በሌለው ጥግ ደግሞ ደንገል ይበቅላል። ሰው እዚህ የሚመጣው ሊራመድ፣ ወፍ ሊያይ፣ ሊቀዝፍና ከመንደሩ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ሊጠጣ ነው። ይህን አውቆ የሄደ ሰው ቅር ብሎት ሲመለስ አላየሁም።

ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ወደ ሐይቁ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ በስፋቱ ልክ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀቱ ማነሱ ለተጓዥ ትርጉም አለው፤ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ ቶሎ ይመጣል። ከፍታው ደግሞ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ግን ቀዝቃዛ እንዲሆን ያደርጋል። ቀን በስስ ልብስ የዋለ ሰው ከመሸ በኋላ ጋቢ ይፈልጋል። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል።

መቼ ይኬዳል ለሚለው የእኔ ምርጫ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ይደርቃል፤ ጫካው ገና አረንጓዴ ነው፤ ቡናው ይቀላል፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም ሐይቁ ላይ ይሰፍራሉ። መስከረም ውብ ነው፤ ነገር ግን ጎርፍ ያመጣው አፈር ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ ጭቃውም ገና አልጠነከረም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይበረታል፤ ሆኖም ቀድሞ የጣለ ዝናብ ቡናውን ካስፈነዳው፣ ጫካው በሙሉ በአበባው ሽታ ይታወዳልና ለዚያ ብቻ ሲባል ሙቀቱን መቻል ያዋጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጉዞውን አልመክርም።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ጸጥታው መጠየቅ ግዴታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ጀልባ የሚቆምበት፣ ስልክና ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ ለዚህ ሳምንት አይሠራም። በዋዜማው ባሕር ዳር ላለ ዘመድ ወይም ለጀልባ ነጂዎች ደውላችሁ፣ "ዛሬ የሄደ ሰው አለ ወይ? ተመልሷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ማመንታት ካለበት አትሂዱ። ጣና የትም አይሄድም።

ከባሕር ዳር በተለመደው የሞተር ጀልባ ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጀልባ ስትከራዩ የምትነጋገሩት ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ጀልባው መሆን አለበት፤ አንድ ሰውም ሆነ ስድስት ሰው ቢሳፈር ነዳጁ ያው ነውና። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱ። ስንት ቦታ እንደምትወርዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ የምታድሩ ከሆነ በማግስቱ ማን እንደሚመጣና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ሁሉም ይነገር፣ ቢቻልም ይጻፍ። አንድ ጊዜ ሐይቁ መካከል ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ "የተስማማነው እስከ መጀመሪያው ወደብ ብቻ ነው" የሚል ቃል ሰምቻለሁ። እዚያ ላይ ክርክር ዋጋ የለውም። ግማሹን ሂሳብ ስትሳፈሩ፣ ግማሹን ስትመለሱ የመክፈል ስምምነት ብዙ ነገር ያስተካክላል።

የሰውነት መንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትሳፈሩ። መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ ልበሱት። ጠዋት ሐይቁ ረግቶ ስታዩት አላስፈላጊ ይመስላችኋል፤ ከቀኑ ሰባትና ስምንት ሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣል፤ ያው ሐይቅ ጀልባውን እያነሣ ይጥለዋል። ስለዚህ ሄዳችሁም ሆነ ስትመለሱ ጉዞአችሁ ጠዋት ይሁን። ማደር የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ደርሶ መላሽ በሞገድ ሲመለስ፣ ያደረ ሰው በማግስቱ በረጋ ውኃ ይመለሳል። ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አትርሱ፤ ጀልባ ላይ ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ይመጣል።

በየብስ የሚያደርስ መንገድም አለ። እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት ኮረኮንችና አቧራማ ነበር፤ ዝናብ ሲጥልማ ያስቸግራል። ርካሽ ነው፤ የገበያ ቀን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተጨናንቆ መሄድም የራሱ ደስታ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ግን ጀልባውን እመርጣለሁ፤ የዘጌ ጫካ ከሩቅ ጥቁር መስመር ሆኖ ታይቶ ቀስ በቀስ ዛፍ በዛፍ ሲለይ የሚታየው ከውኃው ላይ ብቻ ነው።

ስለ ጫካው ረዘም አድርጌ ልናገር። የቀረው የጣና ዙሪያ በአብዛኛው የታረሰ ነው። ከጀልባው ላይ ዞር ብላችሁ ብታዩ ማሳና ግጦሽ፣ አልፎ አልፎም ባሕር ዛፍ ነው የሚታያችሁ። ዘጌ ግን በደን እንደተሸፈነ ቀርቷል። ምክንያቱን የመንደሩን ሰው ጠይቁ፤ ሁሉም የሚነግራችሁ ያንኑ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም የዘጌ ሰው ሳያርስ፣ በሬ ሳይጠምድ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ ቡናውና ጌሾውም ከበትራቸው የበቀሉ ናቸው ይባላል። በዚህም ምክንያት በባሕረ ገቡ መሬት ላይ ማረስና ከብት ማርባት ለዘመናት የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። ሰው የሚኖረው ከጥላ ዛፍ ሥር በሚለማው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ጤፉንና ዳጉሳውን ከውጭ ይገዛል። የጎጃምን ጠላ የጠጣ ሰው ሳያውቀው የዘጌን ጌሾ ቀምሶ ይሆናል።

አንድ ጊዜ መንገድ ያሳዩኝ ሽማግሌ ቡናቸው መካከል አቁመውኝ፣ "ልጄ፣ ወደ ላይ እዪ" አሉኝ። ከላይ ዋንዛ፣ ከዋንዛው ጎን ብርብራ፣ ራቅ ብሎ ሰሳ ቆሟል። በቅጠሎቹ መካከል የሚወርደው ብርሃን መሬት ላይ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ይንቀሳቀሳል። ቡናው ቁመቱ ከሰው በላይ የረዘመ፣ ግንዱ ቀጭን፣ ሽበት የመሰለ ሽፋን ያለበት ነበር። "ዋንዛውን የቆረጠ ሰው ቡናውን ቆረጠ ማለት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው አንድ ሁለት ዓመት ብዙ ያፈራል፣ ከዚያ ይደክማል" አሉኝ። ከብርብራው ሥር የወደቀ ፍሬ አንሥተውም አሳዩኝ። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ጠንካራ ፍሬ ነው። ዱሮ ዓሣ አጥማጆች ይህን ፈጭተው ውኃ ላይ በትነው ዓሣውን ያሰክሩት ነበር። "አሁን መረብ አለ፤ መረቡ ግን ትንሹንም ትልቁንም ነው የሚያነሣው" ብለው ዝም አሉ። ማገዶ መሸጥ እየበዛ መምጣቱ እንደሚያሳስባቸውም ነግረውኛል። ቡና ካልሸጠ ሰው ዛፍ ይሸጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔም ተጓዦች ዘጌ እንዲያድሩና ገንዘባቸውን እዚያው እንዲያወጡ አጥብቄ የምመክረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ጫካውን ለመራመድ የመንደር ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። መንገዶቹ ይሻገራሉ፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ፤ ብዙዎቹም የሰው የቡና ይዞታን ያቋርጣሉ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ካገኛችሁ መልካም ነው፤ ከሌለም የምታርፉበት ቤት ሰው የሚያምነውን ወጣት ጠይቁ። ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ተነሥቶ፣ በአዝዋ ማርያም በኩል አድርጎ፣ እንደ ጉልበታችሁ እስከ ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖት የሚዘልቅ ጉዞ ቀኑን ሊወስድ ይችላል። ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ሆኖም የወደቀ ቅጠል ስለሚበዛባቸው ያንሸራትታሉ። የጎማ ሶል ያለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ማውለቃችሁ አይቀርምና ረጅም ማሰሪያ ያሰለቻል። በመንገዱ ላይ የሚሸጥ ምግብ ስለማይገኝ ውኃና ስንቅ ያዙ።

ወፍ ለሚወድ ሰው ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። መጀመሪያ የምትሰሙት ክንፍ ነው፤ ከዛፉ ጫፍ በላይ አንድ ከባድ ነገር አየሩን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ይሰማል። ቀና ስትሉ ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ትልቅ ወፍ ሾላው ላይ ሲያርፍ ታያላችሁ። ሾላ ያፈራበትን ዛፍ አስጎብኚው ካወቀ ሌላ መዞር አያስፈልጋችሁም፤ ከሥሩ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፤ ወፉም ጦጣውም ራሱ ይመጣል። ዳርቻው ላይ ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስርና ፔሊካን አይጠፉም። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ያለው ሰው ይያዝ።

ገዳማቱን በተመለከተ፣ ከሁሉ የሚታወቀው ኡራ ኪዳነ ምሕረት መሆኑ ያለምክንያት አይደለም። ክብ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ጎጆ ይመስላል። ቅኔ ማሕሌቱን አልፋችሁ ወደ ቅድስቱ ስትገቡ፣ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ መካከል ላይ ቆሟል፤ ግድግዳው ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጣራው ድረስ ሥዕል ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ቶሎ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይወጣል። እኔ የምመክረው አንድ ታሪክ መርጦ እሱ ፊት መቆም ነው። በላዔ ሰብእን ፈልጉት። ሰው ሲበላ የኖረው ያ ሰው ስለ ድንግል ማርያም ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ፣ በሚዛን ላይ ውኃው ኃጢአቱን ሲመዝን የሚያሳየውን ክፍል ካህኑ በቦታው ሲተርኩት መስማት ልጆችን እንኳ ጸጥ ያሰኛል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሶችና ነብሮችም አሉ። በፎቶግራፍ ማንሻችሁ ብልጭታ አትጠቀሙ፤ ቀለሙን ይጎዳዋል።

እያንዳንዱ ገዳም የየራሱ መግቢያ አለው፤ በአንዱ የከፈላችሁት ለሌላው አያገለግልም። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። ሴቶች ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይዘን ብንሄድ ጥሩ ነው። የዘጌ ገዳማት ለሴትም ክፍት ናቸው፤ በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች ግን ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ከባልና ሚስት ጋር ጀልባ ስትጋሩ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት፤ አለበለዚያ ግማሹ ሰው ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ነውና ሴቶቹ እዚያ ሊወርዱ ይችላሉ። የቅዳሴ ሰዓት የምትደርሱ ከሆነ ለጉብኝት አትግቡ፤ ለጸሎት ከገባችሁም ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ታንኳ መቅዘፍ ለሚፈልግ፣ የጉዞው ጣዕም እዚህ ላይ ነው። ታንኳ ሲሠራ ቀርቤ አይቻለሁ። ደንገሉ ታጭዶ ለጥቂት ቀናት በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ተደርድሮ በደንገሉ ልጥ ይታሰራል። ሠሪው ነዶውን በጉልበቱ ተጭኖ፣ ገመዱን በጥርሱ ይዞ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ይስባል፤ ደንገሉ እየጮኸ ይጠብቃል። የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ እንዲቀና ጫፉን ቆልምሞ ከታንኳው ወገብ ጋር ያስረዋል። ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ይዘው የቆዩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ሌላውም ይሠራዋል። አንድ ታንኳ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ለዚህም ነው ከሥራ በኋላ ዛፍ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አቁመው የሚያደርቁት። በዚህች ጀልባ ነው ሰዎች ማገዶ ቆልለው፣ ቀርከሃ እየቀዘፉ እስከ ባሕር ዳር የሚዘልቁት።

የመንደር ዓሣ አጥማጅ ለምናችሁ አንድ ሁለት ሰዓት መቅዘፍ ትችላላችሁ። ከንጋት እስከ ረፋድ ይሁን፤ ከዳርቻው አትራቁ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከጀልባ ነጂው ተውሳችሁ አስቀሩ። ታንኳ ላይ መቀመጫችሁ መርጠቡ አይቀርም፤ ስልካችሁን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ክተቱ። መጀመሪያ ተንበርክካችሁ ተለማመዱ፤ ቆማችሁ ለመቅዘፍ አትቸኩሉ። የደንገሉ ጥግ ጋር ስትደርሱ ቀዛፊው ዝም ቢል ዝም በሉ። ጉማሬ መኖር አለመኖሩን እያዳመጠ ነው።

ጉማሬ ቀልድ አይደለም። ጀልባ ነጂዎች ከሩቅ ሊያሳዩአችሁ የሚወስዷችሁ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ፣ ወደ ደብረ ማርያም በኩል ነው፤ በዘጌ ዳርቻም ግን ሌሊት ሣር ፍለጋ ሊወጣ ይችላል። ከመሸ በኋላ በዳርቻው አትራመዱ፤ በጠዋትም ቢሆን በጉማሬና በውኃው መካከል አትቁሙ። ጀልባ ነጂው ቀረብ እንዲልላችሁ ገንዘብ ጨምራችሁ አትለምኑት።

መዋኘትን በሚመለከት የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አትዋኙ። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከውኃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ለመግባትም ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ረግቶ ሣር የበዛበት ዳርቻ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ልጆች መንቦጫረቅ የሚወዱትም እዚያው ነው። እግራችሁ ከረጠበ ወዲያውኑ በፎጣ አድርቁት፤ ይህ ግን ሙሉ መከላከያ አይደለም። ውኃው ውስጥ የገባ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ስላለው ይድናል፤ ዝም ከተባለ ግን ጉበት ይጎዳል። ወባም አለ፤ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። የምታድሩበት ቤት አጎበር እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከመሸ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ "ጣና ዳር አድሬ ነበር" ማለትን አትርሱ።

አዳር በዘጌ ቀላል ነው። ሆቴል የለመደ ሰው ቅር ይለው ይሆናል፤ የሚገኘው ንጹሕ አልጋ፣ ከውጭ ያለ መጸዳጃ፣ በባልዲ የሚመጣ የመታጠቢያ ውኃ ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ያዙ፤ ስልካችሁን ባሕር ዳር ሞልታችሁ ተነሡ፤ ባንክ ፍለጋ እንዳትቸገሩ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሴት ብቻዋን ማደር ትችላለች ወይ ለሚለው፣ እኔ አድሬያለሁ። ሁልጊዜ የማደርገው ግን አለ። ሳይመሽ እደርሳለሁ፤ የማርፈው ሴት ባለቤት ባለችበት ቤት ነው፤ የት እንዳለሁ ባሕር ዳር ያለ ሰው ያውቃል።

ምግቡ እንደ ወቅቱ ነው። ጾም ካልሆነ ትኩስ ዓሣ ይገኛል፤ ቆሮሶው ተጠብሶ በአዋዜ ሲቀርብ፣ ከዳጉሳ እንጀራ ጋር ሌላ አያስመኝም። አንዳንዶች ገና ከመረብ የወጣውን ዓሣ ጥሬውን ይበላሉ፤ እናንተ ግን ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል አብስሉት። በረቡዕ፣ በዓርብና በአጽዋማት ሽሮና ምስር ነው። የመጠጥ ውኃ የታሸገውን ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ግን ይዛችሁ ተመለሱ። መንደሩ ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና የለውም፤ የጣላችሁት ሁሉ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

ያደረ ሰው የሚያገኘው ትልቁ ነገር ከሰዓት በኋላ ነው። የቱሪስት ጀልባዎቹ ከሄዱ በኋላ ሻጮቹ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ፤ ልጆቹ "ብዕር ስጡኝ" ማለት ትተው ኳሳቸውን ያመጣሉ፤ መንደሩ ወደ ራሱ ኑሮ ይመለሳል። ያረፍኩባቸው እናት ቡና ሲያፈሉ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ቡናው ከጓሮ የተለቀመ፣ ጀንፈሉ በሙቀጫ የተሸከሸከ ነው። "የኔ ልጅ፣ ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺም" ይሉኛል፤ በሦስተኛው ላይ ነው እውነተኛው ጨዋታ የሚጀመረው። ማን ልጁን ዳረ፣ ጌሾ ስንት ገባ፣ ሐይቁ ዘንድሮ ምን ያህል ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በብዛት የያዘው የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ቢሆንም፣ የዘጌ ሰውም በሥጋት እንደሚያወራው የሰማሁት እዚያው ስኒ ይዤ ተቀምጬ ነው። ለልጆች ብዕርና ከረሜላ አታድሉ፤ መስጠት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ለመምህራኑ ስጡ።

አንድ ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን የዓባይ ፏፏቴ ጢስ ዓባይን ይጨምር። የውኃው ብዛት በዝናቡ ብቻ ሳይሆን ለኃይል ማመንጫ በሚጠለፈው መጠንም ስለሚወሰን፣ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በመስከረምና በጥቅምት የሄደ ብዙ ጊዜ አይቆጭም። መንገዱ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በእግር መሻገር ብቻውን ያስኬዳል።

ከዘጌ ስትነሡ ቡና ግዙ። ከወደብ ሻጮች ሳይሆን ካረፋችሁበት ቤት ወይም መንገድ ካሳያችሁ ገበሬ ይሁን። ጀንፈሉን ከምትሸከሙ የተፈለፈለውን ጠይቁ፤ በእጃችሁ ዘግናችሁ እዩት፤ አረንጓዴውና ጥቁሩ ካልተቀላቀለበት፣ ሲሸትትም የሻጋታ ጠረን ከሌለው ጥሩ ነው። ዋጋ አትጨቃጨቁ። በከተማ ሱቅ ለአንድ ኪሎ የምትከፍሉትን አስቡና ያንኑ ስጡ፤ ገበሬው ዋንዛውን ሳይቆርጥ ለመቆየት የሚያስፈልገው ገንዘብ ይኸው ነው።